ለተካደ ደመወዝ መቆም፦ ከጅማ የተገኘ ልምድ

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የቡናው ሥራ ሲቀዘቅዝ ጅማ ውስጥ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍና በመናኸሪያው ዙሪያ አንድ ዓይነት ሰው ይበዛል። ጥቅምት ላይ ከዳውሮ፣ ከካፋ ወይም ከሀዲያ መጥቶ በጎማ፣ በሊሙ ወይም በጌራ በኩል ቡና ሲለቅም፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲያድር፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና ሲያገላብጥ የከረመ ነው። ግማሽ ደመወዙን ተቀብሏል፤ ግማሹ "ነገ ና" ሆኖበታል። አሁን መሳፈሪያ ይለምናል። ብዙዎቻችን መሳፈሪያውን ሰጥተን እንሸኘዋለን። ምጽዋት ነውና አይጠላም፤ ሰውዬው ግን የሚለምነው ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ያለውን የራሱን ገንዘብ ነው።

ይህ የተጻፈው ለእሱ፣ ለጥበቃውና ለቤት ሠራተኛዋ እስከ መጨረሻው መቆም ለሚፈልጉ ምእመናን ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ መጀመር ቀላል ነው፤ የተበደለን ሰው ሲያዩ መቆጣት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው አምስተኛው ቀጠሮ ነው።

ሉቃስ 18 ላይ ያለችውን መበለት አስቧት። ጠበቃ የላትም፣ ጉቦ የላትም፣ የሚያማልዳት ዘመድ የላትም። ዳኛው እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ነው። ያላት እግሯ ብቻ ነውና ትመላለሳለች። ምሳሌው የተነገረው ሳይታክቱ ስለ መጸለይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጌታ ግን ጸሎትን ለማስረዳት የፍርድ ቤት ምልልስን መምረጡን ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። እኛ ዘንድም የደመወዝ ጉዳይ በክርክር ከሚሸነፍ ይልቅ በምልልስ ተሰልችቶ የሚሞተው ይበዛል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያ ለሚመጣ ሠራተኛ አንድ ቀጠሮ ማለት የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የአንድ ቀን ገቢ ነው። ሁለት ጊዜ "ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው" ከተባለ በሦስተኛው ይቀራል። ከሳሽ ባልመጣበት ቀን ተከሳሹ ከተገኘ ደግሞ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚደራጀው የእግር ነገር ነው። በጽዋ ማኅበር፣ በሰንበቴ ወይም በቤት ለቤት ኅብረት ከሚገናኙት መካከል ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ሰባቱ በወር መቶ መቶ ብር ቢያዋጡ 700 ብር ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ለመሳፈሪያ፣ ለምሳ፣ ለማመልከቻ ማስጻፊያና ለፎቶ ኮፒ ይደርሳል። ከዚህ ሌላ ለምንም አይውልም። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ሰው ከሠራተኛው ጋር ይሄዳል፤ አንዱ ባለፈው የነበረ፣ አንዱ አዲስ። አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ቀጠሮ በላይ አይመደብም። ይህን ሕግ የሚጥሰው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ትጉ የሆነው አባል ነው። በአራት ወሩ ስልክ ማንሳት የሚያቆመውም እሱ ነው።

ደመወዙ ሲመለስ ማኅበሩ ከዚያ ላይ አንዲት ሳንቲም አይነካም። "አስራት አውጣ" ማለትም በዚያ ቀን ነውር ነው። ሠራተኛው ራሱ ልስጥ ቢል እንኳ "አገርህ ግባና እዚያው አጥቢያህ ስጥ" ይባላል። አንድ ጊዜ መቀበል ከተጀመረ አሠሪው "ኮሚሽን የሚበሉ ደላሎች" ብሎ ስም ያወጣል፤ ያን ስም ማጥፋት አይቻልም።

ቀጥሎ ደብተር። ሠራተኛው መጥቶ ሲያወራ ልቅሶ ይቀድማል፤ ያልቅስ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከዚያ ባለ 32 ገጽ ደብተር ይከፈታል። በየመስመሩ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የለቀመው ኪሎ፣ የተከፈለው፣ ያልተከፈለው ይጻፋል። ቀኑን የማያስታውስ በበዓላት ይታገዛል፦ "ሚካኤል ከመዋሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"፣ "ሐሙስ ገበያ ነበር?" እየተባለ ሁለት ወር ይወጣል። በቴሌብር የተላከለት ገንዘብ ካለ መልእክቱ ከስልኩ ሳይጠፋ ፎቶ ይነሳል። የሚዛን ካርኒ ካለ እንዲሁ። አብረውት ከሠሩት ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ይያዛል። ይህ ሁሉ በአንድ ቁጭታ ካላለቀ ሌላ ቀን ይቀጠራል፤ የደከመ ሰው ቁጥር ያሳስታል።

ለቃሚ ከሆነ ስለ ጆንያው ጠይቁት። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ 200 ግራም እንኳ አይሞላም። "ለጆንያ" እየተባለ በእያንዳንዱ ሚዛን 2 ኪሎ ከተቀነሰ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚያስመዝን ሰው 4 ኪሎ ነው፤ በ40 ቀን 160 ኪሎ ቀይ ቡና ይሆናል። ሠራተኛው ይህን እንደ በደል ሳይቆጥረው ይኖራል፤ የተካደው የመጨረሻው ወር ብቻ ይመስለዋል።

ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ለሠራ ደግሞ የትርፍ ሰዓቱን አስሉለት። ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት ሥራው ወደ ማታ ይገፋል፤ ትርፍ ሰዓቱ የሚበዛውም ለዚህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ያለ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል የተሠራ በሁለት ተኩል ይባዛል። ስሌቱ ቀላል ነው። በወር 4,160 ብር የሚከፈለው ሰው ደመወዙ ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8) ሲካፈል ሰዓቱ 20 ብር ይመጣል። በየሥራ ቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ትርፍ ከሠራ 2 በ26 በ30 ብር፣ ማለትም በወር 1,560 ብር አለው። በሳምንት 12 ትርፍ ሰዓት የሕጉ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ግን ሠርቶ ሳለ "ጣሪያው አይፈቅድም" ተብሎ ሊከለከል አይገባም፤ ጣሪያው የተቀመጠው ለሠራተኛው ነው።

"ውል የለኝም" የሚል ይበዛል። ውል በቃልም ይጸናል። እንዲያውም በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ መስጠት ነበረበት፤ ባለመስጠቱ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

አሁን ብዙ ደግ ሰዎች የሚወድቁበት ቦታ ላይ ደረስን። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ታኅሣሥ 30 መከፈል የነበረበት ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው። ሽማግሌ ሲሰየም ደግሞ ጥር አንዱ ሽማግሌ ጥምቀት ላይ ነው፤ የካቲት አሠሪው አዲስ አበባ ነው፤ መጋቢት ጾም ነውና "በፋሲካ እንጨርሰው" ይባላል፤ ከፋሲካ በኋላ "ግንቦትን እንለፍ"። ሁሉም በትሕትናና በምርቃት ይነገራል። ሰኔ ሲያልቅ አሠሪው ጠበቃ ይዞ ይመጣል። ሽምግልናን አንንቅም፤ ከፍርድ ቤት የሚፈጥንበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ሁለት ነገር ሳይዙ አይቀመጡም፦ የመጨረሻ ቀን፣ ከተቻለ ከአንድ ወር ያልበለጠ፣ እና በወረቀት ላይ ያለ የዕዳ እምነት። አሠሪው ዕዳው እንዳለበት በጽሑፍ ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። ወረቀቱ እንዲህ ካለ ይበቃል፦ "እኔ እገሌ፣ ለእገሌ ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ለሠራበት ያልከፈልኩት ብር 6,240 እንዳለብኝ አምኜ፣ እስከ የካቲት 30 ለመክፈል በሁለት ምስክር ፊት ፈርሜያለሁ።" ቀን፣ ፊርማ፣ የምስክሮች ስምና ፊርማ። ጣት ቢያትምም ያው ነው፤ ምስክሮቹ ግን አብረው ይኑሩ።

"በክርስቲያኖች መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለእሱ የፊልሞናን መልእክት እንዲያነብ ስጡት፤ አንድ ገጽ ናት። ጳውሎስ ስለ ኦኔሲሞስ "ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው" ካለ በኋላ፣ እኔ ራሴ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ እከፍላለሁ ብሎ አኑሯል። ሐዋርያው በፊርማ ካመነ እኛም እናምናለን።

ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚቀመጡ ደግሞ ከነህምያ 5 የተሻለ መመሪያ አላየንም። የድሆቹን ጩኸት ሲሰማ ተቆጣ፤ ቀጥሎ በልቡ አሰበ፤ ከዚያ ባለጠጎቹን ፊት ለፊት ወቀሰ፤ "ዛሬውኑ መልሱላቸው" አለ። እሺ ሲሉት በዚያ አላቆመም፤ ካህናቱን ጠርቶ አስማላቸው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ምን እንደሚበላሽ አይተናል። ቁጣው ሳይበርድ ከተሄደ አሠሪው ስድቡን ይዞ ዋናውን ነገር ያስረሳል። ሐሳቡ በዝቶ ወቀሳው ከጠፋ ደግሞ ሽምግልናው የቡና ግብዣ ይሆናል።

ያጣና የካደ አንድ አይደሉም። የቡና ዋጋ ወርዶ፣ እሱም ካቀረበለት ነጋዴ ገንዘቡን ሳይቀበል የቀረ አነስተኛ አሠሪ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ጋር በሦስት ወይም በአራት ክፍያ መስማማት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ግን በዚያው ቀን በእጅ ይቆጠር፤ ትንሽም ይሁን። የካደ ሰው ምልክቱ ሠራተኛውን "አላውቀውም" ማለቱ ነው።

ከሁሉ የሚያመው ስህተት ግን ከእኛው ወገን ይመጣል። ገንዘቡ ሳይከፈል ሠራተኛውን "ይቅር በል፣ እግዚአብሔር ይከፍልሃል" ማለት። ይቅርታ የተበደለው ሰው ሀብት ነው፤ ሌላ ሰው ሊሰጥለት አይችልም። ያዕቆብ 5፥4 የተካደው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ የአጫጆቹም ድምፅ ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል ይላል። ዘዳግም 24 ደግሞ የድሃው ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ያዛል። ምክንያቱንም ያክላል፤ ድሃ ነውና ነፍሱ ወደ እርሱ ተንጠልጥላለች። እግዚአብሔር የሰማውን ጩኸት እኛ ዝም ማሰኘት አንችልም። ይቅርታ በሠራተኛው ጊዜ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን ከቆጠረ በኋላ በራሱ አፍ ይናገረዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተትም አለ። ሠራተኛው ተበዳይ ስለሆነ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ብሎ መያዝ። 40 ቀን ሠርቶ 60 የሚል አለ፤ ክፋት ላይሆን ይችላል፣ ረሃብ ቁጥር ያሳድጋል። አንዲት የተጋነነች ቀን በመስቀለኛ ጥያቄ ስትገኝ እውነተኞቹን 40 ቀናት ይዛ ትወድቃለች። ደብተሩን ከምስክሮቹ ጋር ለየብቻ አስተያዩ።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የአሠሪውን ስም መለጠፍ ለአንድ ምሽት ያረካል። ስም ማጥፋት ወንጀል ነውና በማግስቱ ተከሳሹ እናንተ ትሆናላችሁ።

በጅማ የፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ማመልከቻው በቁቤ ይጻፋል። አማርኛ ወይም ዳውሮኛ ብቻ የሚናገር ሠራተኛ የተጻፈለትን ሳያውቅ ይፈርማል፤ ስለዚህ ከማኅበሩ አንድ አፋን ኦሮሞ አንባቢ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ይተርጉምለት። ስም፣ ቀንና የብር መጠን ላይ ስህተት ይበዛል። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ በቀረበ በ60 ቀን እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ በተግባር ቢዘገይም ቁጥሩን አውቆ በትሕትና ማስታወስ ይጠቅማል። ሠራተኛው ከሥራ ከተሰናበተ ሒሳቡ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ነበረበት፤ ያለ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ እንዲጨመርለት ሊያዝ ይችላል። ይህን ዳኝነት ማመልከቻው ላይ ካልጠየቁት ማንም አያነሳላችሁም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ከማስጻፋችሁ በፊት እዚያ ማማከር ነው።

የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ለየት ይላል። አዋጅ 1156 እሷን አያቅፍም፤ የሚነካት የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ክሷም በተራ ፍትሐ ብሔር ችሎት ይታያል። የዳኝነት ክፍያ ካልቻለች በደሃ ደንብ እንድትከስ ከቀበሌ ማስረጃ ይወጣል። ግን ከፍርድ ቤት በፊት አስቸኳይ ነገር አለ፦ ልብሷና መታወቂያዋ አሠሪዋ ቤት ተቆልፎባት ይሆናል፣ ማደሪያም የላትም። አንዲት እናት ከማኅበሩ ለሁለት ሳምንት ልትይዛት ፈቃደኛ ካልሆነች ወደ ደላላው ትመለሳለች፤ ክሱም እዚያው ያበቃል። ዕቃውን ለማምጣት ሁለት ሴቶች በቀን ይሂዱ፤ ወንዶች ተሰብስበው ማታ መሄድ ነገሩን ወደ ጠብ ይለውጠዋል።

ጅማ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው ዞን ደግሞ ሙስሊሙ ይበዛል። ስለዚህ ክርስቲያን ማኅበር ለአንድ ሠራተኛ ሲቆም "የእነሱ ወገን ነው" እንዳይባል ከመጀመሪያው ሽማግሌዎቹ ውስጥ የተከበሩ ሙስሊም አባት ይኑሩ። የዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አትያዙ። የሙስሊም ሠራተኛም ጉዳይ በዚያው ደብተር፣ በዚያው ወረፋ ይመዘገባል። ጸሎታችንን በእኛ መካከል እንጸልያለን፤ የሽምግልናው ጠረጴዛ ላይ አናወጣውም።

ወደ መጽናቱ ነገር ልመለስ። ሂርማታ፣ እዚሁ ጅማ ያለው ገበያ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው እንደ ዕቃ የሚሸጥበት ነበር። በዚያው ዘመን ከጅማ ወደ መቱ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደ ሕፃን ተፈንግሎ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠና በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ሲጠመቅ ከፊልሞና መልእክት ላይ ያለውን ባሪያ ስም ወሰደ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ። ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ያደረጋቸው ሙከራዎች ከሽፈዋል። መንገዱ ሲዘጋበት ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እሷም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላት እየሰበሰበች ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው በ1899 ታተመ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ ነፃ በወጣ በ34 ዓመቱ። ከዚያም በኋላ ተከስሶ ማስተማር ተከልክሏል። ታሪኩን እዚህ ያነሳነው፣ የደመወዝ ጉዳይ አራት ወር ሲፈጅ "እግዚአብሔር ዝም አለ" ለሚሉ አባላት ነው።

የሳምንቱ ጸሎት አጭር ይሁን፤ ረቡዕ ማታ 30 ደቂቃ። የሠራተኞቹ ስም በዝርዝር ይነበባል፤ የአሠሪዎቹም ስም ይነበባል፤ ይህ ሁለተኛው ሲጀመር ይከብዳል። ከዚያ "እስከ መቼ" የሚለው መዝሙር፣ በእኛ ቁጥር 12ኛው፣ ይደገማል። ምሬትን ደብቆ ከመሸከም በእግዚአብሔር ፊት መናገሩ ይሻላል፤ ያልተናገሩት ምሬት ሽማግሌው ላይ ይፈነዳል። ቀጣዩ አንድ ሰዓት የመዝገብ ነው፦ የማን ቀጠሮ መቼ ነው፣ ማን ይሄዳል፣ የስንት ብር ደረሰኝ አለ። ጸሎቱ ረዝሞ መዝገቡን ከበላ ማኅበሩ በሁለት ወር የጸሎት ማኅበር ብቻ ይሆናል። መዝገቡ ጸሎቱን ከበላም ሰዎቹ ይደርቃሉ። 55 ቀን የዐቢይ ጾምን በየዓመቱ የሚጾም ሰው ዛሬ ውጤት ሳያይ ነገም ያንኑ መሥራትን ያውቅበታል፤ ያን ልማድ ወደ ቀጠሮ ማዞር ነው። ክረምት ላይ ግን ማረፍ ያስፈልጋል፤ አስቸኳይ ጉዳይ ካልመጣ ነሐሴን በሙሉ እንዘጋለን።

ፍርድ ተሰጠ ማለት ገንዘብ ተከፈለ ማለት አይደለም። ብዙ ማኅበራት ውሳኔው በተነበበ ቀን እልል ብለው ይበተናሉ። አሠሪው ካልከፈለ የአፈጻጸም ማመልከቻ ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚያስከብር ማሳየት ግን የአመልካቹ ሥራ ነው። የመኪና ሰሌዳ፣ ሂሳብ ያለበት ባንክ፣ የመጋዘኑ አድራሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፍ፤ ከፍርድ በኋላ መፈለግ ሲጀመር ንብረቱ በሚስት ወይም በወንድም ስም ዞሮ ይገኛል። መዝገቡ የሚዘጋው ሠራተኛው ብሩን ቆጥሮ ሲፈርም ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ ምስክሮቹ። እዚያው አሠሪ ጋር እየሠሩ የመሰከሩ ከሆነ ከወር በኋላ ሁለት ሰው ሄዶ ይጎብኛቸው። በቀጣዩ ወቅት "ለአንተ ሥራ የለም" ተብለው ከሆነ፣ ለእነሱም አዲስ ገጽ ይከፈታል።